ከሰንሰለት ያወጣነው ግዙፍ ውሻ፦ ድሬዳዋ ይክረም ወይስ ሐረር ይውጣ?

የሳቢያን እናት | ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 3:20

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ነገሩን ከሥሩ ካልተናገርሁ ግን የምትሰጡኝ ምክር የእኛን ቤት የሚያውቅ አይሆንም።

ከአራት ወር በፊት የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ፣ ሥራው ተቋርጦ በተዘጋ አንድ የዕቃ ማከማቻ ግቢ ውስጥ የተረሳ ውሻ መኖሩን ነገረን። የግቢው ዘበኛ የራሱ ደመወዝ ከቆመ በኋላም እየተመላለሰ፣ ከምሳው እየቀነሰ ያበላው ነበር። ሄደን ስናየው ከቆርቆሮ ጥላ ሥር በሁለት ሜትር ሰንሰለት የታሰረ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ቆሞ ሲታይ ግን ትከሻው ወገቤ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ፍጡር ነበር። ዘሩ የካውካሰስ እረኛ ውሻ እንደሆነ ዘበኛው ነገረን፤ በኋላ ያየው የእንስሳት ሐኪምም ንጹሕ ባይሆን ከዚያ ዘር እንደማይርቅ ተናግሯል። ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ራሱ የጥጃ ራስ ያክላል። መቻል ብለን ጠራነው፤ ምን እንደቻለ ስላየን ነው።

መጀመሪያ የገረመን ነገር፣ ሰንሰለቱን ከፈታንለት በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሁለት ሜትር አልፎ አለመሄዱ ነው። በግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር የተሰመረ ክብ ያለ ይመስል እዚያው ውስጥ ይዞር ነበር፤ ምግቡን ከክቡ ውጭ ብናስቀምጥለት አንገቱን ዘርግቶ ያሸተዋል እንጂ አይመጣም። መስመሩን ያስጣሰችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ኳስ ናት። ኳሷ ተንከባልላ ስታልፍ ተከትሏት ሄደ፤ ከዚያ መንገድ መሀል ላይ ቆመና የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ወደ ኋላው ተመለከተ። ዛሬ ግቢውን ሁሉ ይዞራል፤ ከልጆቹም ጋር ሰላም ነው፤ ሳህኑ አጠገብ ሰው ሲያልፍ ግን አሁንም ያጉረመርማል።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ግንቦት ከገባ ወዲህ ሙቀቱ እያሠቃየው ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ከዛፉ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ሆዱን አፈሩ ላይ ይለጥፋል፤ ፀሐይ ካልጠለቀች እህል አይቀምስም። የባለቤቴ አጎት ሐረር ከጁገል ውጭ ሰፊ ግቢ አላቸው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለክረምቱም ይሁን ለዘለቄታው ሊወስዱት ፈቃደኛ ናቸው። ነገር ግን የሰማ ሰው ሁሉ «ለጅብ ልትሰጪው ነው ወይ?» ይለኛል። ድሬዳዋ ላይ በሙቀት ማሠቃየትና ሐረር ልኮ ለጅብ ማጋለጥ ሁለቱም እንቅልፍ ነሱኝ።

ሌላም ነገር አለ። ግድግዳ የምንጋራቸው ሐጂ ውሻው ከመጣ ወዲህ እንደ ወትሯቸው ቆመው አያጫውቱኝም። ሌሊት ስለሚጮህ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አልተናገሩም፤ ዝምታቸው ግን ከወቀሳ ይልቅ ከብዶኛል።

ዲፖ ሠፈር | ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 4:05

እህቴ፣ ቅን ልብ እንዳለዎት ከጽሑፍዎ ይታያል። ሆኖም ውሻ ውሻ ነው። አባቶቻችን ቀን አስረው ሌሊት ይፈቱት ነበር፤ ከማዕድ የተረፈውን በልቶ ደጃቸውን ጠብቆላቸው ኖሯል። ሙቀቱን እርስዎና እኔ እንደለመድነው እርሱም ይለምደዋል። ሳህኑ ላይ ሲያጉረመርም ምግቡን ነጥቀው ጌታው ማን እንደሆነ ያሳዩት፤ ዛሬ ያላረሙት ነገ ልጅዎን ይነክሳል።

የቆላ ሐኪም | ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 1:40

በምሥራቁ ክፍል የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስለሠራሁ ጥቂት ልበል። በቅድሚያ የከበሩት የዲፖ ሠፈር ወንድማችን ያሉት የመጨረሻው ምክር አደገኛ ስለሆነ እንዳይሞከር እለምናለሁ። ለዓመታት በሰንሰለት ላይ የተራበ ውሻ ሳህኑን የሚጠብቀው ጌትነት አምሮት ሳይሆን ምግብ ከፊቱ ሲነጠቅ ስላየ ነው፤ ስንነጥቀው የፈራውን ነገር እውነት እናደርግበታለን። የሚበጀው ተቃራኒው ነው። ሲበላ ትልቅ ሰው ራቅ ብሎ ያልፍና ከያዘው የሚሻል ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ፣ ወደ ሳህኑ ወርውሮ ይሂድ። በየቀኑ ሲደጋገም የሰው መምጣት ለርሱ የመጨመር ምልክት ይሆናል። እስከዚያ ልጆች በምግብ ሰዓት አጠገቡ አይድረሱ።

ወደ ሙቀቱ ስመጣ፣ ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልብም፤ በመዳፉ ካለችው ጥቂት ላብ በቀር ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። አካሉ በገዘፈ ቁጥር ደግሞ የቆዳው ስፋት ከክብደቱ አንጻር ስለሚያንስ፣ ውስጡ የተጠራቀመው ሙቀት መውጫ ያጣል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 41 ሲደርስ አንጎልና ኩላሊት መጎዳት ሊጀምሩ ይችላሉ። ስለዚህ ይለምደዋል በሚል ተስፋ መተው አይቻልም። ድዱ እንደ ሸክላ ከቀላ፣ ለሀጩ ከወፈረ፣ እግሩ ከተንገዳገደ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ በተራ ቀዝቃዛ ውኃ መላ አካሉን አርሱት፤ ነፋስም ስጡት። እርጥብ ፎጣ ጀርባው ላይ ጥሎ መተው ግን ሙቀቱን ያፍነዋል።

ቬንቲሌተር ካላችሁ ውሻው ደረቅ ሳለ ብዙ አይጠቅመውም፤ የሚያቀዘቅዘን የሚተነው ላባችን ሲሆን እርሱ ላብ የለውም። ሆዱንና እግሮቹን አርጥባችሁ ብትከፍቱለት የድሬዳዋ አየር ደረቅ በመሆኑ ውኃው ቶሎ ይተንናል፤ ያን ጊዜ ለውጡን በዐይናችሁ ታያላችሁ። የእግር ጉዞው ጎሕ ሳይቀድ ይሁን፤ አስፋልቱ የዋለበትን ሙቀት አምሽቶም ስለሚይዝ የእጃችሁን ጀርባ መሬት ላይ አድርጋችሁ ሰባት ያህል መቁጠር ካልቻላችሁ ለመዳፉም አይሆንም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክብደቱ ስንት ነው? የትል መድኃኒቱም ሆነ ሌላው ሁሉ በኪሎ የሚሰላ ነው።

ጁገል ማዶ | ግንቦት 7፣ ከቀኑ 6:30

ልጄ፣ እኔ ሐረር ተወልጄ ሐረር ያረጀሁ ነኝና ስለ ጅቡ ልንገርሽ። ጅብ እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ በጁገል ግንብ ላይ ለርሱ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ ማታ በሰው እጅ ሥጋ ሲበላ ዓለም መጥቶ ያያል። ከሰው ጋር ያለው ስምምነት ግን ውሻን አይጨምርም። የሠፈር ውሾች ይህን ስለሚያውቁ ሲመሽ ይሸሸጋሉ፤ ሽታው ሲርቅ ወጥተው ይጮኻሉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ለስድብ ቢሆንም፣ እንደ እኔ እንደ እኔ የሐረር ውሻ ብልህነት ነው።

ያንቺ ውሻ ይህን ብልህነት አልተማረም። ዘሩ በተራራ ላይ በጎችን ከተኩላ እንዲጠብቅ የተረባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለው መሸሽን አያውቅም፤ ይገጥማል። ጅብ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ የመንጋጋው ኃይል አጥንት የሚሰባብር ነው። ውሻሽ ስንት ኪሎ እንደሆነ ባላውቅም ትልቅ ጅብ ከስድሳ ኪሎ እንደማያንስ እወቂ። የአጎታችሁ አጥር የድንጋይ ነው ወይስ የቆርቆሮ? ሌሊት የሚያድርበት ጣሪያና በር ያለው ክፍል አለ? እነዚህን ሳትጠይቂ አትላኪው። አየሩን በተመለከተ ግን ልክ ነሽ፤ ከድሬ ወደ እኛ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ የደንገጎን ዳገት የወጣ ሁሉ ሹራቡን የሚፈልገው በከንቱ አይደለም።

የሳቢያን እናት | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 2:50

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ክብደቱን አናውቀውም፤ ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ሚዛን ለድመትና ለትንንሽ ውሾች የሚሆን ነው፤ የሰው ሚዛን ላይም ሁለት እግሩን እንጂ አራቱን ማቆም አልቻልንም። የአጎታችን አጥር ከፊሉ ድንጋይ፣ በሩ የቆርቆሮ ነው። አባቴ፣ ስለ ማደሪያ ክፍሉ እጠይቃለሁ።

የቆላ ሐኪም ሆይ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። ጸጉሩን ሙሉ በሙሉ ብንላጨው አይቀለውም? ምግቡስ? አሁን የምናበላው በቀን አንድ ጊዜ ማታ፣ በቁመቱ ልክ አንድ ሙሉ ድስት የበቆሎ ገንፎ ከሳምባና ከጉበት ጋር፣ አንዳንዴም ከቤት የተረፈ እንጀራ በወጥ ነው።

ደንገጎ | ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ 3:15

ዝም ብዬ እያነበብሁ ነበር፤ «በቀን አንድ ጊዜ ማታ፣ አንድ ሙሉ ድስት» የሚለው ላይ ስደርስ ግን መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ከአገር የሚወጣ ቤተሰብ ጥሎት የሄደ ግሬት ዴን የሚባል ግዙፍ ዘር ውሻ ነበረኝ። አምስት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ከጠረጴዛ በላይ፣ ጠባዩ ከበግ የለሰለሰ። በፋሲካ ማግስት ማታ እንግዶች ከሄዱ በኋላ የተረፈውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ሰፌድ ሰጠሁት፤ ባንድ ትንፋሽ ጨርሶ ከልጆቹ ጋር ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ ቆየ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ መቀመጥ አቃተው። ይቆማል፣ ይዞራል፣ አንገቱን ወደ ጎኑ አዙሮ ሆዱን ይመለከታል። ለማስመለስ ደጋግሞ ያጎነብሳል፤ ከነጭ አረፋ በቀር የሚወጣ የለም። ሆዱን ስነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ያልተመቸው ምግብ በልቶ ነው ብዬ ዘይት አጠጣሁት፤ እስኪነጋ ልጠብቅ ብዬም አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሊነጋጋ ሲል ድዱ እንደ ወረቀት ነጣ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

በኋላ እንደተረዳሁት ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ራሱን ዞሮ ተጠምዝዞ ነበር፤ ያን ጊዜ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም ይታፈናል። ከቀዶ ሕክምና በቀር መዳኛ የለውም፤ ጊዜውም የሰዓታት ጉዳይ ነው። እኔ ሰባት ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀምጬ ጀርባውን ሳሻሽ አደርሁ። ያ ሌሊት ከተቆጠረ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሌላ ውሻ አላሳደግሁም።

የቆላ ሐኪም | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 1:10

ደንገጎ ወንድሜ፣ ያደረጉትን ያደረጉት ባለማወቅ ነው። የጻፉት ግን እኔ ልጽፈው ካሰብሁት ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል፤ ምልክቶቹን አንድም ሳያስቀሩ ነው የዘረዘሩት።

ደረተ ጥልቅ የሆኑ ግዙፍ ውሾች ሁሉ ለዚህ ሕመም የተጋለጡ ናቸው፤ በቀን አንድ ትልቅ ማዕድ፣ በችኮላ መብላትና ዕድሜ አደጋውን ያበዙታል። ስለዚህ የመቻል ምግብ ቢያንስ ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ሊነጋ ሲል፣ ሌላው አመሻሹ ሲበርድ ይሁን። ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ። በችኮላ የሚበላ ከሆነ ሳህኑ መሀል አንድ ሊውጠው የማይችል ትልቅ ንጹሕ ድንጋይ አኑሩበት፤ ዙሪያውን እየለቃቀመ ይቆያል። ሳህኑን ከፍ ማድረግ ከጥምዘዛው ያድናል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አደጋውን ጨምሮ ያገኘ ጥናት ስላለ ግን እኔ አልመክረውም። የመጠጥ ውኃ በእናንተ ሙቀት በምንም ምክንያት አይከልከል።

መጠኑን በተመለከተ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን የተኮላሸ ጎልማሳ ውሻ በቀን ወደ 2,400 ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል። ገንፎ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይገነባም፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ባቄላ ወይም ምስር ጨምሩለት። ጉበት በየቀኑ አይበጅም፤ የቫይታሚን ኤ ክምችቱ አጥንትን ይጎዳል፤ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ሳምባና ጉበት ደግሞ በጥሬው ፈጽሞ አይሰጥ። በበግ፣ በፍየልና በግመል ሳምባ ላይ የምታዩት ውኃ የቋጠረ ከረጢት ውሻው ሆድ ሲገባ የኮሶ ትል ዓይነት ይሆናል፤ እንቁላሉ በውሻው ሰገራ ወጥቶ በልጆች እጅ ወደ አፍ ከገባ በሰው ጉበት ውስጥ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። በደንብ መቀቀል ይገድለዋል።

ወጡን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ። በእኛ አገር ስለ ውሻ ምግብ ሲነገር በርበሬው ነው የሚወቀሰው፤ ዋናው ጥፋት የሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቀቅለውም ሆነ ተቁላልተው፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በአንድ የዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የተቀቀለ አጥንትም እንደ ስንጥር እየተሰበረ አንጀት ይበሳልና ይቅር።

ጸጉሩን አትላጩት። ድርብ ጸጉር ከብርድ እንደሚጠብቅ ሁሉ ከፀሐይም ይጋርዳል፤ ከተላጨ በኋላም ተዛብቶ ሊበቅል ይችላል። ይልቅ የውስጡን የረገፈ ለስላሳ ጸጉር በየሁለት ቀኑ አበጥራችሁ አውጡለት፤ አየር የሚያፍነው እርሱ ነው። ሲያበጥሩ ጆሮውንና የጣቶቹን መሀል ለመዥገር ይመልከቱ። መዥገር ካገኙ በወረንጦ ከሥሩ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት፤ ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ወይም ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን በግምት ሰጥተው የሞቱ ውሾች ስላየሁ ይህን በተለይ አደራ እላለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሲኮላሽ ያው ሐኪም ሆድ ዕቃውን ከፍቶ ጨጓራውን ከሆዱ ግድግዳ ጋር ሊሰፋው ይችላል፤ የተሰፋ ጨጓራ ቢነፋ እንኳ አይጠመዘዝም ማለት ይቻላል። ይህን የሚሠራ ቀዶ ሐኪም በቅርብ ካላገኛችሁ፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከእናንተ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በባጃጅ የማይሄድ እንስሳ ስለሆነ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ የፒክአፕ ሾፌርም ከወዲሁ ተዋወቁ።

ዲፖ ሠፈር | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 3:00

ስለ ሽንኩርቱ አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። የራሴ ውሾች ከስድስት ሰባት ዓመት ለምን እንደማያልፉ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። የማኮላሸቱ ነገር ግን አሁንም አይዋጥልኝም፤ የተኮላሸ ውሻ ምን ይጠብቃል?

የቆላ ሐኪም | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 3:25

ግቢን መጠበቅ ከዘሩና ከአስተዳደጉ የመጣ ጠባይ ስለሆነ በማኮላሸት አይጠፋም። የሚቀንሰው ሴት ውሻ ፍለጋ አጥር ዘሎ መጥፋቱ ነው፤ ጠፍቶ ከሌሎች ውሾች ጋር መናከሱ ደግሞ ወደ እብድ ውሻ በሽታ የሚወስድ መንገድ ነው። በነገራችን ላይ ክትባቱ በየዓመቱ መታደሱ አይዘንጋ፤ ማንም ውሻ ማንንም ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ጥቁር ካባ | ግንቦት 9፣ ከጠዋቱ 4:00

አጭር የሕግ ማስታወሻ ላክል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሳይታሰብ አምልጦ የሄደ ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ «ከውሻ ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍ መልካም ቢሆንም ከኃላፊነት ያድነናል ብላችሁ አትመኑ። ጠንካራ መቀርቀሪያ ይበልጣል።

ገንደ ቆሬ | ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 2:20

እህቴ፣ የሁሉም ሰው መልስ ስለ ውሻው ሆነ፤ እኔ ስለ ሐጂ ልናገር።

ሐጂ ስለ ጩኸቱ የተቀየሙ አይመስለኝም። ድሬዳዋ በባጃጅ ጩኸት የሚተኛ ሰው በውሻ ጩኸት አይከፋም። በምሥራቁ ክፍል ያለን ሙስሊሞች አብዛኞቻችን የምንከተለው የሻፊዒን መዝሀብ፣ ማለት የሃይማኖት ሕግ ትምህርቱን፣ ነው፤ በርሱ ዘንድ የውሻ ምራቅና የውሻ እርጥበት ነጃሳ፣ ማለት ርኩስ፣ ነው፤ የነካውን ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ያስፈልጋል። ለጥበቃ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ስለሆነ ውሻ በመያዝዎ ሊነቅፉዎ አይችሉም፤ ደረቅ ውሻ ደረቅ ልብስ ቢነካም ችግር የለውም። የሚያስጨንቀው እርጥቡ ነው። ስለዚህ ራስዎን ይጠይቁ፤ ውሻውን የሚያጥቡበት ውኃ ወዴት ይፈስሳል? ልብስ የምታሰጡበት ገመድ በማን በኩል ነው? ልጆችዎ ከውሻው ጋር ተጫውተው በዚያው እጃቸው የሐጂን የልጅ ልጆች ይነካሉ?

ሽማግሌ ሰው ጎረቤቱን እንዳያሳፍር ይህን አይናገርም፤ ዝም ይላል። እርስዎ ሄደው ቢጠይቋቸው ግን ደስ እያላቸው ይነግሩዎታል። «ሐጂ፣ ውሻው በምን አስቸገርዎ?» ብለው አይጠይቁ፤ «አላስቸገረኝም» ይሉዎታል። «ውኃው ወደ እርስዎ እንዳይመጣ በየት በኩል ላስወጣው?» ብለው ይጠይቁ።

የሳቢያን እናት | ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 3:40

ሁለት ወር ስለጠፋሁ ይቅርታ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። ገንደ ቆሬ ወንድሜ እንዳሉት አድርጌ ጠየቅኋቸው። ሐጂ ትንሽ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እጄን ይዘው ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝና ከግድግዳችን ሥር የምትወጣ አንዲት ቀጭን የውኃ መንገድ አሳዩኝ። መቻልን ባጠብነው ቁጥር ውኃው በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ መስገጃ ምንጣፋቸውን ፀሐይ ላይ ከሚያሰጡበት ሊሾ ላይ ይፈስስ ነበር። አራት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ምንጣፋቸውን ሌላ ቦታ ሲያሰጡ ኖረዋል። ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። በማግስቱ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፍነን ውኃውን በእኛ በኩል ወደ መንገዱ ቦይ አዞርነው፤ ሊሾውን ደግሞ ባለቤቴ በአፈርና በውኃ ሰባት ጊዜ አጠበላቸው፤ እርሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቆጥሩለት ነበር። ስለ ጩኸቱ ስጠይቃቸው «ለሱብሂ ሶላት ይቀሰቅሰኛል» አሉ።

ከዚያ በሰኔ መጀመሪያ፣ ለሙከራ ያህል፣ መቻልን በፒክአፕ ይዘን ሐረር ወጣን። አየሩ እንደተባለው ነው፤ ደንገጎን እንዳለፍን ማለክለኩን አቆመ፤ ሐረር ስንደርስ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሳህን በላ። አጎታችን ጣሪያ ያለው ጥሩ ክፍልም አዘጋጅተውለት ነበር። ሌሊቱ ግን ሌላ ሆነ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የጅቡ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ መቻል ተነሥቶ የክፍሉ በር ላይ ቆመ፤ እስኪነጋ ከዚያ አልተነቃነቀም። አይጮህም፣ አያላዝንም፤ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። በሁለተኛው ሌሊት የበሩን ቆርቆሮ በጥርሱ ይዞ መቅደድ ጀመረ፤ ጠዋት ስናየው ድዱ ደምቶ አንድ የክራንቻ ጥርሱ ጫፉ ተሰብሯል። ሊሸሽ ይሁን ሊገጥም ፈልጎ እስካሁን አልገባኝም። ጁገል ማዶ አባቴ፣ እርስዎ መሸሽ አያውቅም ብለዋል፤ ልጄ ግን «እንደገና የታሰረ መስሎት ነው» ትላለች፤ እኔም ወደ እርሷ አደላለሁ። በሦስተኛው ቀን ይዘነው ወረድን።

እናም ድሬዳዋ ነው የሚከርመው። ሳሎናችን ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ከረፋዱ አራት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ይውላል፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ሞግቶኝ ነበር፤ አሁን ከምሳ በኋላ አጠገቡ ወለሉ ላይ የሚተኛው እርሱ ነው። መብራት ሲኖር ሆዱን አርጥበን ቬንቲሌተሩን እንከፍትለታለን፤ ሲጠፋ ከኒሙ ሥር ያለው ጉድጓድ አለ፤ በቁመቱ ልክ አስፍተን አሸዋ ሞልተንለታል፤ ጠዋት አሸዋውን ውኃ እናጠጣዋለን። ከውስጥ ጸጉሩ ያወጣነው አንድ ጆንያ ሞልቷል። በቀን ሁለቴ ይበላል፤ ሳህኑ መሀል ድንጋዩ አለ። ወጥ ካየ ስድስት ሳምንት አለፈው፤ እናቴ ግን እስካሁን ሽንኩርት ይገድላል መባሉን አላመነችም፤ እኔ ዞር ስል ጉርሻ እንዳትሰጠው ልጄን ዘብ አቁሜአለሁ። ቀዶ ሕክምናው ለመስከረም ተቀጥሯል፤ ማኮላሸቱም የጨጓራ ስፌቱም አብረው ይሠራሉ።

የክብደቱን ጥያቄም መለስን። መጋላ ያለ አንድ እህል ነጋዴ ጆንያ የሚመዝንበትን ሚዛን ማለዳ ገበያተኛ ሳይመጣ ሊያውሰን ፈቀደ። መቻል ግን ብረቱ ሲነቃነቅበት አልወጣም አለ። ሳበነው፣ ገፋነው፣ ሥጋ አሳየነው፤ የለም። በመጨረሻ ልጄ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ቁጭ ስትል ተከትሏት ወጥቶ ከጎኗ ተጋደመ። ሁለቱ በአንድ ላይ 89 ኪሎ መዘኑ፤ ልጄ ብቻዋን 27 ናት። ነጋዴው ብዕሩን ከጆሮው አንሥቶ ወረቀት ላይ 62 ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ ወረቀቱን እየሰጠኝ «እመቤቴ፣ ኪሎው በስንት ነው?» አለኝ።

የቆላ ሐኪም ሆይ፣ እንግዲህ 62 ነው፤ የትል ክኒኑ ስንት ይሁን?

የቆላ ሐኪም | ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 4:15

እንኳን ደስ አላችሁ። እንደ ክኒኑ ጥንካሬ ስለሚለያይ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ የተሰበረውን ጥርስም አብረው ያንሡት፤ ውስጡ ቀይ ወይም ጥቁር ነጥብ ከታየ እስከ መስከረም አይቆይም።